ስድስት እኩያ ሴሎች ሦስት ዕጣ እንዴት ይደርሳቸዋል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሲ. ኤሌጋንስ የምትባለው ድቡልቡል ትል የእንቁላል መውጫዋን የምትሠራው ከስድስት ሴሎች መካከል እንደሆነ አነበብኩ። ስድስቱም ጂናቸው አንድ ነው። ምልክት የሚልከው ደግሞ አንድ ሴል ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ሦስት የተለያየ ነገር ይሆናሉ? ጂኖቹ ናቸው ምልክቱን የሚቆጣጠሩት ወይስ ምልክቱ ጂኖቹን? የጂኖቹስ ቅደም ተከተል በምን ታወቀ?»

በመሃለኛው ልጀምር፤ ሌሎቹ እሱን ተከትለው ይፈታሉ። ጂኖች ምልክቱን ይቆጣጠራሉ። ምልክቱም ዞሮ ጂኖችን ይቆጣጠራል። ተራ በተራ ነው የሚሄደው። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ምልክቱ ራሱ እምብዛም የሚናገረው የለም። «እዚህ ነኝ» ከማለት አይዘልም። ቁም ነገሩ ያለው ማን ይናገር፣ ማን ይስማ፣ ማን ጆሮ ዳባ ልበስ ይበል የሚለውን በሚወስኑት ጂኖች ዘንድ ነው። ብዙ ማብራሪያ ይህን ዘልሎ ቀስት በቀስት ይደረድራል። አንባቢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ትሏን ባጭሩ እንወቃት። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሳትቆረጥ፣ በሕይወት እያለች፣ እያንዳንዱን ሴል በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ከእንቁላል ተነስታ ራሷ እንቁላል እስክትጥል ሦስት ቀን ከምናምን ይበቃታል። አብዛኞቹ ፍናፍንት ናቸው፤ እንቁላላቸውን በገዛ ዘራቸው ያዳብራሉ። አዋቂዋ 959 የአካል ሴሎች አሏት፤ ቁጥሩ ከትል ትል አይለዋወጥም ማለት ይቻላል። ሲድኒ ብሬነር የትሏን ጄኔቲክስ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙ። ጆን ሰልስተንና ሮበርት ሆርቪትዝ ደግሞ በ1977 ከእንቁላል ከወጣች በኋላ የሚወለዱትን ሴሎች የትውልድ ሐረግ ጻፉ። የትኛው ሴል ከየትኛው፣ በስንት ሰዓት ተወለደ የሚለው አንድ በአንድ ይታወቃል። ሦስቱም በ2002 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይህ ሐረግ ባይኖር የእርስዎ ጥያቄ ሊጠየቅ እንኳ አይችልም ነበር። «ይህ ሴል ዕጣውን ቀየረ» ለማለት መጀመሪያ ዕጣው ምን እንደነበር ማወቅ ግድ ነው።

ወደ ስድስቱ ሴሎች እንምጣ። በትሏ ሆድ በኩል፣ ከቆዳዋ ስር፣ ተሰልፈው ይገኛሉ። ፒ3፣ ፒ4፣ ፒ5፣ ፒ6፣ ፒ7 እና ፒ8 ልበላቸው፤ ሙሉ ስማቸው ትንሽ ይረዝማል። በጤነኛ ትል ላይ ሁሌም የሚሆነው ይህ ነው፦ ፒ6 አንደኛውን ዕጣ ይወስድና ስምንት ሴሎች ይወልዳል። ግራና ቀኙ ያሉት ፒ5 እና ፒ7 ሁለተኛውን ዕጣ ይወስዱና ሰባት ሰባት ይወልዳሉ። ድምሩ 22 ነው፤ የእንቁላል መውጫው የሚሠራው ከነዚህ ነው። የተቀሩት ሦስቱ ሦስተኛው ዕጣ ይደርሳቸዋል። አንዴ ተከፍለው ከትልቁ የቆዳ ሴል ጋር ይዋሃዳሉ፣ በቃ። ፒ3 ደግሞ በግማሽ ያህሉ ትሎች ላይ ሳይከፈል ቀድሞ ይዋሃዳል።

እኩያ ናቸው ስንል ዝም ብሎ አባባል አይደለም። ፒ6ን በሌዘር ቢገድሉት ከጎረቤቶቹ አንዱ ቦታውን ሊተካ ይችላል። ስድስቱም ሦስቱንም ዕጣ የመውሰድ አቅም አላቸው። አቅሙን የሚሰጣቸው ሊን-39 የሚባል ጂን ነው፤ በገላ ርዝመት የትኛው ክፍል ምን እንደሚሆን ከሚወስኑት፣ ሆክስ ከሚባሉት ጂኖች ወገን ነው። በዚህ መስመር ላይ በመጀመሪያ 12 ሴሎች አሉ። ሊን-39 የሚሠራው በመሃለኞቹ ነው። በሌሎቹ ውስጥ ስለማይሠራ ከዚህ ጉዳይ ገና በጠዋቱ ይወጣሉ። ሊን-39 ጭራሽ ከጠፋ ስድስቱም ከቆዳው ጋር ይዋሃዳሉ፤ ምልክቱ ቢመጣም የሚሰማው የለም። ስለዚህ ምልክቱ ከመላኩ በፊት ገና ማን ይሰማል የሚለው በጂን ተወስኗል።

አሁን ተናጋሪው። ከስድስቱ ሴሎች በላይ፣ በዘር ዕጢው ውስጥ፣ መልህቅ ሴል የሚባል አንድ ሴል አለ። ጁዲት ኪምብል በ1981 ባሳተሙት ሥራ የዘር ዕጢውን ሴሎች በሌዘር ጨረር እየለዩ ገደሉ። መልህቁን ብቻ ሲገድሉ የእንቁላል መውጫ አልተሠራም። ሌሎቹን ሁሉ ገድለው መልህቁን ሲተዉ ግን ተሠራ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ በዚህ ተለየ።

መልህቁ የሚልከው ሊን-3 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህ በእኛም ሰውነት ውስጥ ያለው፣ ሴሎች እንዲያድጉ የሚያነሳሳው ኤፒደርማል እድገት ፋክተር (ኢ.ጂ.ኤፍ.) የሚባል ፕሮቲን ዘመድ ነው። ተቀባዩ ሌት-23 ይባላል፤ የሰው አቻው በብዙ ካንሰሮች ላይ ስሙ የሚነሳው ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ነው።

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ የጥያቄዎ ልብ ያለው እዚህ ነው። የሊን-3 ጂን በትሏ ሴሎች ሁሉ ውስጥ አለ። ታዲያ ለምን መልህቁ ብቻ ይልካል? በጂኑ ውስጥ 59 የዲኤንኤ ፊደላት የሚያህል አጭር ቁራጭ አለች። ፕሮቲን አትሠራም። ሥራዋ በመልህቁ ውስጥ ያሉ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች መጥተው የሚያርፉባት ቦታ መሆን ነው። እነሱ ሲያርፉባት ሊን-3 ይበራል። ኢ1417 የሚባል ሚውቴሽን አለ። ከዚህች ቁራጭ አንድ ፊደል ብቻ ይቀይራል። የሊን-3 ፕሮቲን ምንም አልሆነም፤ አንድ አሚኖ አሲድ አልተነካም። ትሏ ጤነኛ ናት፣ ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ እንቁላልም በሆዷ ይሞላል። የእንቁላል መውጫ ግን አይኖራትም። መልህቁ አንደበቱ ተዘግቷል።

ሊን-3 ከነጭራሹ ቢጠፋስ? ያኔ ትሏ ገና በእጭነቷ ትሞታለች። ምክንያቱም ይኸው ምልክት ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ላይ ያስፈልጋል፤ ትርፍ ፈሳሽ የሚወጣበትን ቱቦ ለመሥራት። አንድ ምልክት፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ሥራ። ሥራዎቹን የሚለያቸው ማብሪያው ነው እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም። «ጂን ምልክትን ይቆጣጠራል» ሲባል ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

የእንቁላል መውጫ የሌላት ትል ምን ትሆናለች ብለው አስበው ከሆነ፣ ነገሩ ትንሽ ይዘገንናል። እንቁላሎቹ መውጫ ስለሌላቸው ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላሉ። እጮቹም እናታቸውን ከውስጥ ይበሏታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእናቲቱ ቆዳ ብቻ ከረጢት ሆኖ ቀርቶ ውስጡ ልጆቿ ሲተራመሱ ነው የሚታየው። ለተመራማሪ ግን በረከት ነው። ትሏ ራሷን በራሷ ስለምታዳብር መውጫ ባይኖራትም ዘር ትተካለች፤ ሚውታንቱን በላብራቶሪ ማቆየት አይቸግርም። በዓይን ለይቶ ማውጣትም ቀላል ነው። የዚህ ዘርፍ ጂኖች ብዙዎቹ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

መልህቁን ማናገር አንድ ነገር ነው። ሌሎቹን ዝም ማሰኘት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄኛውን ነው። ስድስቱ ሴሎች ከመልህቁ ይልቅ በትልቁ የቆዳ ሴል ነው የተከበቡት። ይህ የቆዳ ሴል ሊን-3ን መሥራት ይችላል፤ የታፈነ ስለሆነ ነው የማይሠራው። የሚያፍኑት ጂኖች በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። ከአንዱ ቡድን ብቻ ቢሰበር ምንም አይታይም። ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ሲሰበር ግን ሊን-3 ከቆዳው መፍሰስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ስድስቱም ሴሎች ምልክት ይሰማሉ፤ ትሏም ሆዷ ላይ ብዙ ጉብታ፣ ማለትም ትርፍ መውጫ መሳይ፣ ታወጣለች። ከነዚህ አፋኞች አንዱ ሊን-35 ነው። የሰው አቻው አር.ቢ. ይባላል፤ ሲጠፋ በሕፃናት ዓይን ላይ ካንሰር የሚያስከትለው ጂን ነው።

መስማትም የራሱ ጣጣ አለው። ተቀባዩ ሌት-23 መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በትክክለኛው የሴሉ ፊት ላይ መቀመጥ አለበት። መልህቁ ያለው በላይ በኩል ነው። ተቀባዩንም ወደዚያ ፊት አቅርበው የሚይዙት ሊን-2፣ ሊን-7 እና ሊን-10 የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌት-23 ተሳስቶ በተቃራኒው ፊት ይሰበሰባል። ተቀባይ አለ፣ ምልክት አለ፤ አይገናኙም። በእነዚህ ትሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ መውጫው አይሠራም።

ከተገናኙ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ ፈጠን ልበል። ሌት-23 በሴሉ ውስጥ ያለውን ሌት-60 የተባለ ፕሮቲን ያነሳሳል። ሌት-60 ሊን-45ን፣ ሊን-45 ሜክ-2ን፣ ሜክ-2 ኤምፒኬ-1ን። ኤምፒኬ-1 ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ሊን-1 የተባለውን ፕሮቲን ፎስፌት የምትባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፍበታል። ሊን-1 ሥራው ማፈን ነው፤ የመውጫውን ጂኖች ዘግቶ የተቀመጠው እሱ ነው። ፎስፌት ሲለጠፍበት ይለቃል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ ሰንሰለት ጫፉ ላይ ሲደርስ አንዱ ዋና ሥራው አፋኝን ማንሳት ሆኖ ይገኛል። በጥያቄዎ «ምልክቱ ጂኖቹን ይቆጣጠራል ወይ» ያሉት ይህ ነው።

እስካሁን ያለው ፒ6ን ያስረዳል። ከመልህቁ ስር በቀጥታ ያለው እሱ ነው፤ ብዙ ምልክት ይደርሰዋል፤ አንደኛውን ዕጣ ይወስዳል። ፒ5 እና ፒ7ስ?

ፒ6 ምልክቱን እንደሰማ ራሱ ተናጋሪ ይሆናል። ያ ሰንሰለት በውስጡ ከሚያበራቸው ጂኖች መካከል ለጎረቤት የሚላክ ሌላ ምልክት የሚሠሩ አሉ። ኤፒኤክስ-1፣ ዲኤስኤል-1 እና ላግ-2 ይባላሉ። እነዚህን የሚቀበለው በፒ5 እና በፒ7 ላይ ያለው ሊን-12 ነው፤ ኖች በሚባለው ስም የሚታወቀው ተቀባይ የትሏ ዓይነት ነው። ሊን-12 ሲነካ ይቆረጣል፤ የውስጠኛው ቁራጭ በቀጥታ ወደ ኒውክሊየስ ሄዶ ጂኖችን ያበራል። ረጅም ሰንሰለት የለውም።

ከሚበሩት አንዱ ሊፕ-1 ነው። እሱ ደግሞ ኤምፒኬ-1ን የሚያነቃውን ፎስፌት ይነቅላል። ስለዚህ ፒ5 ከመልህቁ ጥቂት ሊን-3 ቢደርሰው እንኳ የውስጥ ሰንሰለቱ ይቀዘቅዛል፤ አንደኛውን ዕጣ መውሰድ አይችልም። ፒ6 በበኩሉ የራሱን ሊን-12 ከገጹ ላይ ወደ ውስጥ ስቦ ያፈርሰዋል። እሱ ለጎረቤት ይናገራል፤ ጎረቤት የሚለውን ግን አይሰማም። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ይቆላለፋሉ። መሃሉ አንደኛ፣ ዳርና ዳሩ ሁለተኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ፒ3፣ ፒ4 እና ፒ8 ከሁለቱም ወገን በቂ ምልክት ስለማይደርሳቸው ወደ ሦስተኛው ዕጣ ያመራሉ።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ክርክር ነበር። አንዳንዶች «ሁሉንም የሚወስነው የሊን-3 መጠን ነው፤ ብዙ የደረሰው አንደኛ፣ መጠነኛ የደረሰው ሁለተኛ ይሆናል» ይሉ ነበር። ሌሎች «የጎረቤት ምልክት ነው» ይሉ ነበር። ለሁለቱም ማስረጃ አለ። ጎረቤቶቹ በሌዘር ተገድለው ብቻውን የቀረ ሴል መካከለኛ የሊን-3 መጠን ሲደርሰው ሁለተኛውን ዕጣ ሊወስድ ይችላል። በሌላ በኩል ሌት-23 ከፒ5 እና ከፒ7 ብቻ የጠፋባቸው ትሎች ተሠርተው ታዩ፤ ሴሎቹ የመልህቁን ምልክት መስማት ሳይችሉ ሁለተኛውን ዕጣ ወሰዱ። እኔ የማደላው ለኋለኛው ነው። በጤነኛ ትል ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የጎረቤት ምልክት ነው። የመጠኑ ልዩነት ደጋፊ ነው፤ ነገሩ እንዳይሳሳት ያግዛል።

ሊን-12 ሌላም ጉድ አለው። መልህቁን ራሱን የሚመርጠው እሱ ነው። በዘር ዕጢው ውስጥ መልህቅ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ሴሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ላግ-2 ይሠራሉ፣ ሁለቱም ሊን-12 አላቸው። አንዱ በትንሹ ብልጫ ካገኘ የሌላውን ላግ-2 ይቀንሳል። የተቀነሰበት ደግሞ መልሶ መጫን ስለማይችል ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻ አንዱ መልህቅ፣ ሌላው የማህፀን ሴል ይሆናል። የትኛው ይሆናል? በቦታቸው ብቻ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው። በትውልድ ተራ ከሆነ ግን ቀድሞ የተወለደው አብዛኛውን ጊዜ የማህፀን ሴል ይሆናል። አንዱን በሌዘር ከገደሉት የቀረው ሁሌም መልህቅ ነው።

የአይቫ ግሪንዋልድ፣ የፖል ስተርንበርግና የሆርቪትዝ የ1983 ሥራ ይህን ጥርት አድርጎ አሳየ። ሊን-12 ሲጠፋ ሁለቱም መልህቅ ይሆናሉ። ሊን-12 ያለልክ ሲሠራ መልህቅ ጭራሽ አይኖርም። መልህቅ ከሌለ መውጫ አይኖርም ብለው ይጠብቁ ይሆናል። ግን በዚያችው ትል ላይ፣ ሊን-12 በስድስቱም ሴሎች ውስጥ ሳያቋርጥ ስለሚሠራ፣ ስድስቱም ሁለተኛውን ዕጣ ይወስዳሉ። ሆዷ ላይ ጉብታ በጉብታ ይሆናል። አንዱ ጂን በአንድ ቦታ «መልህቅ አትሁን»፣ በሌላ ቦታ «ሁለተኛ ሁን» ይላል። ትርጉሙን የሰጠው የሰሚው ማንነት ነው።

ጊዜንም ሳልጠቅስ አልለፍ። ሴሎቹ ምልክቱን መስማት ያለባቸው በተወሰነ የእጭ ዕድሜ ላይ ነው። ዕድሜውን ከሚቆጥሩት አንዱ ሊን-4 ነው። ይህ ጂን ፕሮቲን አይሠራም፤ ሊን-14ን የሚያፍን 22 ፊደል ገደማ ያላት አርኤንኤ ነው የሚሠራው። ሊን-4 ከጠፋ ትሏ በመጀመሪያው የእጭ ዕድሜ ሥራ ላይ ተቸንክራ ትቀራለች፤ መውጫም አትሠራም። ቪክተር አምብሮስና ጌሪ ራቭኩን በ1993 ያሳተሙት ይህንን ነው፤ የመጀመሪያው ማይክሮ አርኤንኤ ነበር፤ በ2024 ኖቤል አሸለማቸው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቅደም ተከተሉ በምን ታወቀ የሚል ነው። በአብዛኛው ሁለት ሚውቴሽን በአንድ ትል ላይ በማዳቀል ነው። ሌት-23 ሲዳከም መውጫ የለም። ሌት-60 ያለልክ ሲሠራ ብዙ መውጫ ይወጣል። ሁለቱን በአንድ ትል ላይ ሲያዋህዱ ብዙ መውጫ ከወጣ፣ ሌት-60ን የሌት-23 መጉደል አያግደውም ማለት ነው፤ ሥራው ከእሱ በኋላ ነው። የሆነውም ይኸው ነው። ሊን-1 ሲሰበርም ብዙ መውጫ ይወጣል። ሌት-60 ተዳክሞ ሊን-1 ሲሰበርም እንደዚያው። ስለዚህ ሊን-1 ከሌት-60 በኋላ ይመጣል፤ ሥራውም ማፈን ነው።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። የሚሠራው ሁለቱ ሚውቴሽኖች ተቃራኒ ውጤት ሲኖራቸው ነው። ሁለቱም «መውጫ የለም» የሚሉ ከሆነ ማን እንደሚቀድም አይነግርም። በተጨማሪም የሚነግረው የሥራ ተራን ነው፤ ሁለቱ ፕሮቲኖች በአካል ይነካካሉ ማለት አይደለም። ሰንሰለቱን ለመሙላት ጂኖቹን አንብቦ ከሌላ እንስሳ አቻዎቻቸው ጋር ማነጻጸር ግድ ነበር። ሌት-60 በ1990 ተነብቦ ራስ (Ras) የሚባለው ፕሮቲን የትሏ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ብዙ ነገር ቦታ ያዘ። የሰው የራስ ፕሮቲን በካንሰር ውስጥ ያለው ሚና ይታወቅ ነበር፤ ከማን ትእዛዝ ተቀብሎ ለማን እንደሚያስተላልፍ ግን በውል አልተያያዘም ነበር። ትሏ፣ በዝንብ ዓይን ላይ ከተሠራው ጥናት ጋር ሆና፣ ያንን ለማያያዝ ትልቅ ድርሻ ነበራት።

በነገራችን ላይ፣ ያለልክ የሚሠራው የሌት-60 ታዋቂ ሚውቴሽን 13ኛውን አሚኖ አሲድ፣ ግላይሲንን፣ ወደ ግሉታሚክ አሲድ ይቀይራል። በሰው የካንሰር ዕጢዎች ላይም የራስ ፕሮቲን ከሚበላሽባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው 13ኛው ነው። ትሏ ግን በዚህ ካንሰር አይዛትም። ከስድስቱ መካከል ያለ ቦታው የተጠራው ሴል ሦስት ዙር ተከፍሎ ያቆማል፤ ልክ ፒ6 በጤነኛዋ ትል ላይ እንደሚያደርገው። የተቀየረው የስንቶቹ ሴሎች ዕጣ እንደሆነ ነው። ዕጣው ሲደርስ ስንት ጊዜ መከፈል እንደሚገባ የሚወስኑት ጂኖች ሌሎች ናቸው፤ እነሱ አልተነኩም።